ሃይበርኔሽን እና እምቢታው

ሃይበርኔሽን፣ ኮምፒውተር በራም የያዘውን ሥራ ሁሉ ወደ ዲስክ ገልብጦ ኃይሉን ፈጽሞ የሚያቋርጥበት፣ ዳግመኛ ሲበራም ካቆመበት የሚቀጥልበት ሥርዓት ነው። መብራት ሳይታሰብ በሚጠፋባቸው በእንጅባራና በዳንግላ፣ ማመልከቻ የሚተይብ ጸሐፊም ሆነ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ከማለቁ አስቀድሞ ድካሙን ከጥፋት የሚያድንለት ይኸው ስለ ሆነ፣ እምቢ ባለ ጊዜ ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ቸል የሚባል ጉዳይ አይደለም።

በዊንዶውስ ምርመራው የሚጀምረው በኮማንድ ፕሮምፕት «ፓወርሲኤፍጂ /ኤ» የሚለውን ትእዛዝ በመጻፍ ነው፤ መልሱ ሃይበርኔሽን መዘጋቱን ቢገልጽ፣ በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን «ፓወርሲኤፍጂ /ኤች ኦን» ብሎ መክፈት ይገባል። ይህም ትእዛዝ በሲ ድራይቭ ላይ «ሃይበርፊል.ሲስ» የተባለውን ስውር ፋይል ስለሚፈጥር፣ ዲስኩ በፊልምና በመዝሙር ተጨናንቆ ስፍራ ካጣ አይፈጸምም።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ግን የግራፊክስ ድራይቨር ነው፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነ በኋላ የአምራቹ ድራይቨር ሳይከተል ቀርቶ፣ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ስም ቢነበብ፣ ሃይበርኔትና ስሊፕ ከምርጫው ዝርዝር ሊሰወሩ ይችላሉ፤ መድኃኒቱም ትክክለኛውን ድራይቨር መጫን ነው። ጠፍቶ ወዲያው የሚነቃውን ማሽን ቀስቃሽ፣ ማውስም ይሁን የኔትወርክ ካርድ፣ «ፓወርሲኤፍጂ /ላስትዌክ» ያመለክታል። በሊኑክስ ደግሞ አስቀድሞ የሚታየው፣ የራሙ ይዘት የሚገለበጥበት የዲስክ ክፍል የሆነው የስዋፕ ስፍራ ስፋት ነው።

ባትሪ የሌለውን ዴስክቶፕ ግን፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ፣ ያለ ዩፒኤስ ሃይበርኔሽን አንዳች አይረዳውም።