የምግብ መተላለፊያ ስቴንት

የምግብ መተላለፊያ ስቴንት የጠበበውን ወይም የተዘጋውን ቦታ ከውስጥ ከፍቶ የሚይዝ፣ ብዙውን ጊዜ ከሽቦ መረብ የሚሠራ ቱቦ ነው። በኢንዶስኮፒ ስለሚገባ ደረትም ሆነ ሆድ አይከፈትም። መጥበቡን ያመጣውን ዕጢ አያድንም፤ መንገድ ብቻ ይከፍታል። ስሙ የተወረሰው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም ከቻርልስ ስቴንት ነው፤ ሰውዬው የሠራው ግን የጥርስ ቅርጽ ማንሻ ውሕድ እንጂ ከአንጀት ጋር የሚገናኝ ነገር አልነበረም።

የአዋቂ ሰው የምግብ ቧንቧ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ግድግዳው ስለሚለጠጥ መጥበቡ ቶሎ አይታወቅም፤ ክፍተቱ ከ13 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያንስ ግን ደረቅ ምግብ መሰንቀር ይጀምራል። በሽተኛው መጀመሪያ ሥጋ ይተዋል፤ ቀጥሎ እንጀራውን በወጥ አርሶ ይሞክራል፤ ከዚያ ገንፎ፣ ከገንፎ ወደ አጥሚት ይወርዳል፤ በመጨረሻ ምራቁም አልወርድ ይለዋል። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት በሚታይባቸው በአርሲና በባሌ እንደሚሆነው፣ ብዙ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ነገሩ እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ያልፈዋል፤ የሚቀረው ትልቁ ነገር መዋጥ ነው።

በጥንቱ ዘዴ በጠበበው ቦታ ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ በግድ ይገፋ ስለነበር ቧንቧው የሚቀደድበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ንጽጽር የሽቦው ስቴንት ችግር ከፕላስቲኩ ያነሰ መሆኑን አሳየ። የዛሬዎቹ የሽቦ ስቴንቶች ምስጢር ኒቲኖል ነው፤ ይህ የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ተጨፍልቆ ቢታሰርም ሲለቀቅ የቀድሞ ቅርጹን ይይዛል።

በሽተኛው ጾሞ ይመጣል፤ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ተሰጥቶት በግራ ጎኑ ይተኛል። ሐኪሙ በኢንዶስኮፑ አማካይነት ቀጭን መሪ ሽቦ በጠባቡ ቦታ ያሳልፋል። በቀጭን ሽፋን ውስጥ የታጠፈው ስቴንት ሽቦውን ተከትሎ ይገባል፤ ሽፋኑ ወደ ኋላ ሲሳብ መረቡ እንደ ጃንጥላ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ሙሉ ስፋቱን፣ ማለትም 20 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ለመያዝ አንድ ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ በነዚያ ቀናት ደረት መውጋቱ የተለመደ ነው። ቦታውን ለመቆጣጠር በብዛት ራጅ ይረዳል። በኬንያ ቦሜት ያለው የቴንዌክ ሆስፒታል ግን ከፊት ጥርስ ያለውን ርቀት እየለካ ያለ ራጅ ብዙ ሕሙማንን በዚህ መንገድ ረድቷል፤ መሣሪያ ለማይሟላለት አገር ይህ ትልቅ ትምህርት ይመስላል።

የሽቦው መረብ ባዶ ሲሆን ዕጢው በቀዳዳዎቹ መካከል ያድግና መልሶ ይዘጋዋል፤ በሽፋን ሲለበጥ ደግሞ የሚይዘው ስለሚያጣ ሊንሸራተት ይችላል። ያልታኘከ ሥጋም ይዘጋዋል። ስለዚህ ጥሬ ሥጋ ወዳዱ ሰው ሥጋውን ደቅቆ ካልበሰለ መተው፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መብላትና በየመሐሉ ውኃ መጠጣት ግድ ይሆንበታል። ስቴንቱ ወደ ጨጓራ ከዘለቀ አሲድ ሽቅብ ስለሚወጣ ከራስጌ ከፍ ብሎ መተኛት ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ስቴንት መዋጥን ቶሎ እንደሚመልስ፣ ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር ግን ለረጅም ጊዜ እንደሚረዳ አሳይቷል። ስለዚህ ገና ብዙ ወራት ይኖራል ለሚባል ሰው ስቴንት ሁልጊዜ የመጀመሪያው ምርጫ አይደለም። ካንሰር ላልሆነ ጠባሳ ደግሞ በፊኛ ማስፋት ይቀድማል፤ ስቴንት ቢገባም ተመልሶ የሚወጣው ዓይነት ነው።

ስቴንት ከምግብ ቧንቧ ውጭም ይሠራል፤ በሐሞት ቱቦ ውስጥ ሕዝቡ የወፍ በሽታ የሚለውን የዓይን ቢጫነት ለማስታገስ ይገባል። የፕላስቲኩ ዓይነት በሦስት ወር ገደማ ስለሚደፈን ይለወጣል። የትልቁ አንጀት ስቴንት ግን አንዳንዴ ጊዜ መግዣ ነው፤ በድንገት የተዘጋው አንጀት ይተነፍሳል፣ በሽተኛው አቅም እስኪያገኝ ቀዶ ሕክምናው ለቀናት ይዘገያል፤ ስቴንቱም ከተቆረጠው አንጀት ጋር አብሮ ይወጣል።