የቦሎቄዋ ጣሳ

ጆሮ ስጡኝ፣ ወገኖቼ። ስለ አንዲት የቦሎቄ ጣሳ ልተርክላችሁ ነው።

ጣሳዋ የተገዛችው ግንቦት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ሜይ 29 ቀን 1961። ቦታው አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማክዳወል የሚባል ካውንቲ። ካውንቲ ማለት እኛ ወረዳ እንደምንለው ያለ ነው። ማክዳወል ተራራ ላይ ተራራ የተደረበበት አገር ነው። ሜዳ የለውም፤ ቤቱም፣ መንገዱም፣ የባቡር ሐዲዱም የወንዙን ዳር ተሻምተው ይኖራሉ።

ገዢዎቹ አልደርሰን እና ክሎይ መንሲ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ሥራ ያጡ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ከነሱ ጋር አሥራ አምስት ነፍስ ይኖራል። እናንተ አሥራ አምስት ሰው የሚበላበት ቤት አይታችሁ ከሆነ፣ እናትየዋ በሌሊት ምን እያሰበች እንደምታድር ታውቁታላችሁ።

ያን ቀን ባልና ሚስቱ ከፔይንስቪል መንደር ወደ ካውንቲው ዋና ከተማ ወደ ዌልች መጡ። የ95 ዶላር የምግብ ኩፖንም እጃቸው ገባ። ሄንደርሰን ወደሚባለው ሱፐርማርኬት ዘለቁ፤ ከመደርደሪያው የአሳማ ሥጋ የገባበት አንድ ጣሳ ቦሎቄ አንስተው በኩፖኑ ከፈሉ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን እስከ ዛሬ ፉድ ስታምፕ የሚሉት፣ በመንግሥት ስሙ ስናፕ የሚባለውና በፈረንጆቹ 2024 ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው የተረዳበት ፕሮግራም የተጀመረው በዚያች ጣሳ ነው። ነገሩ አዲስ የሆነው ለዚያ ዘመን ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሞን ተሞክሮ የቀረ እንደሱ ያለ እርዳታ ነበረ።

ለምን ከማክዳወል ተጀመረ? ጆን ኬኔዲ በፈረንጆቹ 1960 ለፕሬዚዳንትነት ድምፅ ፍለጋ ዌስት ቨርጂኒያን ሲዞሩ ረሃብን በዓይናቸው አዩ። በጃንዋሪ 1961 ሥልጣን በያዙ ማግስት የፈረሙት የመጀመሪያው ትእዛዝ ለችግረኞች የሚታደለው ምግብ እንዲጨመር የሚል ነበር። ኩፖኑም ከወራት በኋላ ተከተለ። ሐሳቡ ቀላልና መልካም ነው። ሰው ተሰልፎ የተሰጠውን ከሚቀበል፣ እንደ ማንኛውም ሰው ሱቅ ገብቶ የልጆቹን ምግብ ራሱ ይምረጥ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ይህ ሐሳብ የቆመው በሁለት እግሩ ነው። አንዱ እግር ኩፖኑ ነው። ሁለተኛው እግር ሄንደርሰን ነው፤ ሱቁ። ያን ጊዜ ስለ ሱቁ የተጨነቀ ሰው አልነበረም። ሱቅማ አለ!

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ከሰሉ በደራበት ዘመን የማዕድን ኩባንያው መንደሩን ይሠራል፤ ቤቱ የኩባንያው፣ ሱቁም የኩባንያው ነው። ብዙ ጊዜ ደመወዙ እንኳ ኩባንያው ራሱ ባሳተመው ገንዘብ ይከፈል ነበር፤ ያ ገንዘብ ደግሞ የሚሠራው በኩባንያው ሱቅ ነው። ሰውየው ከመሬት ሆድ ከሰል አውጥቶ የሚያገኘውን መልሶ ለዱቄትና ለስኳር እዚያው ያስገባዋል። በ1950 በማክዳወል 98,887 ሰው ይኖር ነበር። ከዚያ ማሽን የሰውን ክንድ ተካ፤ የማዕድን ጉድጓዶቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ኩባንያው ሲሄድ ሱቁም አብሮት ሄደ። ወጣቱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ወጣ። በ2020 ቆጠራ የቀረው ሕዝብ 19,111 ነው። ከአምስት ሰው አራቱ የለም ማለት ነው።

በ2005 ኪምቦል በምትባለው ትንሽ ከተማ ዋልማርት ተከፈተ። የአገሩ ሰው ደስታውን አልደበቀም። ሥጋው፣ አትክልቱ፣ መድኃኒቱ፣ የልጅ ጫማው ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነ። ሰው ዘመዱን የሚያገኘውም እዚያው፣ በመደርደሪያዎቹ መሀል ነበር። ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ሱቅ ሲመጣ ትንንሾቹ ገበያቸው ይቀዘቅዛል። ደንበኛው ባነሰ ቁጥር ዕቃ አምጪው መኪና በየሳምንቱ መምጣቱን ይተዋል፤ ቲማቲሙ ሳይሸጥ ይበሰብሳል፤ የማቀዝቀዣው የመብራት ሂሳብ ግን ያው ነው።

አሥር ዓመት አለፈ። በጃንዋሪ 2016 ዋልማርት በዓለም ዙሪያ 269 ሱቆች እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከነዚያ አንዱ የኪምቦሉ ነበር። በዚያው ወር ተዘጋ። ለኩባንያው ከ269 አንዱ ነው፤ ለካውንቲው ግን የጓዳው በር ነው የተዘጋው።

በዚያችው ኪምቦል «አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ» የሚባል የምግብ እርዳታ ቤት አለ። ስሙ ከወንጌል የተወሰደ ነው። ዋልማርት ሳለ የተረፈውን ምግብ ለነሱ ይሰጥ ነበር። ሱቁ ሲዘጋ ያ ምግብም ቀረ፤ በሩ ላይ የሚሰለፈው ሰው በበዛበት በዚያው ሰዓት።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እንዲህ ላለው አካባቢ መለኪያ አለው። ድህነት ያለበት የገጠር ሰፈር ሆኖ ብዙ ሰው ከሱፐርማርኬት ከ10 ማይል፣ ማለትም ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ከሆነ፣ «የምግብ በረሃ» ይባላል። ማክዳወልን ብታዩት ደን ነው፤ ዝናብ ነው፤ ምንጭ ነው። በረሃው ያለው መደርደሪያው ላይ ነው።

አንዲት አዛውንት በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉልኝ። ብቻቸውን ይኖራሉ፤ መኪና የላቸውም። የስናፕ ገንዘባቸው በወር አንዴ፣ በወሩ መጀመሪያ ቀናት፣ ኩፖኑን በተካው ካርዳቸው ውስጥ ይገባል። ጎረቤታቸውን «ልጄ፣ ስትሄድ አትርሳኝ» ይሉታል። የቤንዚኑን ከኪሳቸው ያዋጣሉ፤ ካርዱ ምግብ እንጂ ቤንዚን አይገዛምና። በተራራው መሀል በሚጠማዘዘው መንገድ ተጉዘው ሱፐርማርኬት ይደርሳሉ። አትክልቱ ጋ ይቆማሉ። አንድ ፌስታል ሰላጣ ያነሳሉ፤ ቀኑን ያነባሉ፤ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ተመልሰው የሚመጡት ከወር በኋላ ነው። ሰላጣውን ቀስ አድርገው ወደ ቦታው ይመልሱትና ጋሪያቸውን ወደ ጣሳው መደርደሪያ ይገፋሉ። ጣሳ አይበሰብስም። በወሩ መሀል ዳቦ ሲያልቅባቸው ደግሞ ያላቸው የነዳጅ ማደያው ሱቅ ነው። እዚያ ያለው ቺፕስ፣ ለስላሳና ጨው የበዛበት የታሸገ ሥጋ ነው።

እኚህ እናት ስለ ምግብ የማያውቁ እንዳይመስላችሁ። የዚያ ተራራ ሰው አያት ቅድመ አያቱ ፎሶሊያ እንደ ቋንጣ በክር ሰክቶ ጣሪያ ሥር እያደረቀ ለክረምት ያስቀምጥ ነበር። እስከ ዛሬ በጸደይ የዱር ሽንኩርት ከጫካ የሚለቅሙ፣ በጓሯቸው ያፈሩትን በጠርሙስ አሽገው የሚያቆዩ አሉ። ጎደለ የሚባል ነገር ካለ፣ የጎደለው በእግር የሚደረስበት ገበያ ነው። ይህ ጉድለት ከሥራ ማጣቱና ከሌላው ችግር ጋር ተደምሮ ሰውነት ላይ ይጻፋል፤ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም በማክዳወል የብዙ ቤት እንግዳ ነው። በ2013 የወጣ ጥናት የካውንቲው ወንዶች በአማካይ የሚኖሩት 64 ዓመት ገደማ መሆኑን አሳይቷል፤ በዚያች ሀብታም አገር።

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። አማርትያ ሴን የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ በእኛ አቆጣጠር የ1965/66 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ መርምረው ነበር። ሕዝቡ ሲያልቅ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ እንደነበር ጻፉ። ገበሬው ሰብሉ ደርቆ፣ ከብቱ አልቆ መግዣ አጣ፤ እህሉም መግዣ ወዳለበት ሄደ። የወሎን እልቂት ከማክዳወል ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም፤ ደም ያፈሰሰና እግሩን ያነከሰ እኩል አይደለም። የነገሩ ሥር ግን አንድ ነው። ወሎ ላይ ገበያ ነበር፤ መግዣ አልነበረም። ማክዳወል ላይ መግዣው በካርድ አለ፤ ገበያው ርቋል። እህል የራበውን አይቶ አይመጣም፤ የሚያተርፈውን ተከትሎ ይሄዳል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ካንሳስ ግዛት ውስጥ ሴንት ፖል የምትባል፣ ነዋሪዋ ስድስት መቶ ገደማ የሆነ ከተማ አለች። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ግሮሰሪ አልነበራትም። ሕዝቡ መከረና በ2008 ግሮሰሪ ተከፈተ፤ በ2013 ደግሞ የከተማው አስተዳደር ራሱ ባለቤት ሆነ። ከተማ ውኃ እንደሚያስገባው፣ መብራት እንደሚዘረጋው፣ ዳቦና ወተትም እንዲሁ አቀረበ። በዚያው በኪምቦል ሰዎች ለም ሜዳ ቢያጡ ያለ አፈር፣ በውኃ ሰላጣ ማብቀል ጀምረዋል። ትንሽ ነው፤ ግን የራሳቸው ነው።

የማክዳወልን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብታዩት፣ ዋናው ሱቅ ሁልጊዜ መሄድ የሚችል ሰው ሱቅ ነበር። የከሰል ኩባንያው ሄደ፤ ዋልማርት ሄደ። የማይሄደው እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚቀበረው ሰው ነው። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ለድሀ ካርድ የሰጠ መንግሥት ግማሹን ብቻ ነው የሰጠው። ግሮሰሪ ለገጠር ሰው እንደ ጤና ጣቢያና እንደ ትምህርት ቤት መታሰብ አለበት፤ ባለቤቱም ነዋሪው ይሁን። እናንተም፣ በየትኛውም አገር ብትኖሩ፣ ለሰፈራችሁ ትንሽ ሱቅ ደንበኛ ሁኑት። ዛሬ ክፍት ሆኖ ያገኛችሁት በሩ ነገም እንዲከፈት የምታደርጉት እናንተ ናችሁ።