ፍቺ፦ ከሽማግሌ ዳኝነት ወደ ፍርድ ቤት

በሰሜኑ የኢትዮጵያ ደጋ የቁርባን ጋብቻ አይፈርስም ሲባል፣ በሰማንያ (በውል) የተጋቡ ግን በሽማግሌ ፊት ይፋቱ ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ የየወገኑ ሽማግሌዎች ተቀምጠው መጀመሪያ እርቅ ይሞክራሉ፤ እርቁ ካልሰመረ ንብረቱን ያካፍላሉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልማድ የሕግ ሥልጣን ሰጠው። የፍቺ ጥያቄ የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሆነ። ሽማግሌዎቹ ከማስታረቅ አልፈው ፍቺውን ራሳቸው ይወስኑ፣ ንብረት ያከፋፍሉ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩም ይቆርጡ ነበር። ሕጉ የፍቺን ምክንያት ከባድና ሌላ ብሎ ከፍሎታል፤ ዝሙት ከከባዶቹ አንዱ ነው። በፍቺው ጥፋተኛ የተባለ ወገን ከጋራ ንብረት የሚደርሰው ሊቀነስበት ይችል ነበር። ፍርድ ቤት በዋናነት የሚያየው ፍቺው በእርግጥ ተወስኗል ወይስ አልተወሰነም የሚለውን፣ እንዲሁም ሽማግሌዎቹ ጉቦ በልተዋል፣ ውሳኔያቸው ከሕግ ውጭ ነው ወይም በግልጽ ምክንያት የለሽ ነው የሚል አቤቱታን ነበር።

የዚህ ሥርዓት ጥቅሙ ሽማግሌዎቹ ተጋቢዎቹን ስለሚያውቁ ገመናው በቤተ ዘመድ መካከል መቅረቱና ወጪው ማነሱ ነበር። በአንጻሩ ለዘመድ ያደላሉ፣ ጉዳዩንም ያጓትታሉ ተብለው ይታሙ ነበር። አልቀርብም ያለን ወገን የሚያስገድዱበት ኃይል አልነበራቸውም። ሀብቱ ደመወዝ፣ የከተማ ቤትና የንግድ ድርሻ ሲሆን ደግሞ ክርክሩ የሕግ ዕውቀትን ጠየቀ፤ ጠበቃም ተፈለገ።

ከሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ፍቺ የመወሰንን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። ተጋቢዎች በስምምነት ሲፋቱ ስለ ንብረትና ስለ ልጆች የተዋዋሉትን ጭምር ፍርድ ቤቱ መርምሮ ያጸድቃል። አንዱ ብቻ ከጠየቀ ፍርድ ቤቱ ያነጋግራቸዋል፤ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ሊመራቸው ወይም እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። የፍቺ ምክንያት መግለጽ ግዴታ አይደለም፤ የጋራ ንብረትም በመሠረቱ እኩል ይከፈላል።

ይህ የፌዴራል አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ አማራ፣ ኦሮሚያና ትግራይን የመሰሉ ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ ስለፈቀደ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በዚሁ መሠረት ይሠራሉ። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ሽማግሌዎች የእርቅ ሙከራቸውን ውጤት ለፍርድ ቤት ያሳውቃሉ፤ ፍቺውን የሚወስነው ግን ዳኛው ነው።