ክሪክ፥ ታኮና ፓራንኮ፤ ሞተርን ከፍ የማድረግ ሙያ በጉለሌ ዳገት

ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ በእንጦጦ ትከሻ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው መንገድ ጎጃምን ከዋናው ከተማ ጋር ያገናኛል። ጉለሌ የዚህ መንገድ ደጃፍ ነው። ምድሩም እንደሚታወቀው ሜዳ አይደለም፤ ከተራራው ግርጌ የተንጣለለ ተዳፋት ነው። በእንዲህ ያለው ስፍራ መኪናን ማቆም አንድ ነገር ሲሆን፥ ከመኪናው ሥር ገብቶ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው።

በጥገና ሙያ ውስጥ ቀላል መስለው ብዙ ጥንቃቄ ከሚጠይቁት ተግባሮች አንዱ፥ ሞተርን ጨርሶ ሳያወጡ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ከፍ ማድረግ ነው። ያረጀ ሱፖርቶ ለመለወጥ፥ የኮፓውን ጓርኒሲዮን ለመቀየር፥ ወይም እጅ ወደማይገባበት ቡሎን ለመድረስ ይህ የግድ ይሆናል። ሥራው ትልቅ ጋራዥን አይጠብቅም፤ ባለመኪናው በግቢው፥ ሾፌርና ረዳቱም በመንገድ ዳር ይሠሩታል። ከዚህም የተነሣ የሙያው ታሪክ በአብዛኛው በጽሑፍ ሳይሆን በቃልና በእጅ የተላለፈ ነው።

የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ የደረሰችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ያመጣትም ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም፤ የመኪና መንገድ የሚባልም አልነበረም። ሆኖም በዚያን ዘመን አውቶሞቢል የቤተ መንግሥትና የጥቂት ሰዎች ንብረት ስለ ነበረች፥ ጥገናዋ ሰፊ ሙያ ለመሆን አልበቃም።

ሙያው በስፋት የገባው በጣልያን ወረራ ዘመን፥ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ወራሪው ሠራዊት ብዙ የጭነት መኪና ይዞ መጣ፤ መንገዶችንም ለራሱ ጥቅም ሠራ። ከነፃነት በኋላ በአገሩ የቀሩ ጣልያኖች በየጋራዡ ሲሠሩ፥ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች አጠገባቸው ቆመው መፍቻ እያቀበሉ ሙያውን ቀሰሙ። የዚህ ትምህርት ምስክሩ ቋንቋው ነው። ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ ቡሎን፥ ዳዶ፥ ኮፋኖ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራ፥ ኩሽኔታ፥ ካንዴላ፥ ቺንጋ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የተገኙ ናቸው። መኪናውን የሚያነሣው ክሪክ፥ ጎማውን የሚያግደው ታኮ፥ ሞተሩን ከላይ የሚስበው ፓራንኮም እንዲሁ።

ነገር ግን መፍቻ እያቀበለ የተማረ ወጣት የመሣሪያውን ስምና የእጁን አሠራር ሲቀስም፥ ምክንያቱን ሁልጊዜ አልሰማም። ታኮ ከጎማው ሥር እንደሚገባ ያያል፤ ለምን ከክሪኩ በፊት መግባት እንዳለበት ግን የሚነግረው ላያገኝ ይችላል። የጉለሌ ተዳፋት ለዚህ ጥያቄ ራሱ መልስ ይሰጣል። መኪናው በአንድ ወገን ሲነሣ ክብደቱ ወደ ቁልቁለቱ ያደላል፤ የእጅ ፍሬን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። እነዚያ ጎማዎች ከመሬት ከተነሡ ፍሬኑ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ በመጀመሪያ የተሻለ ሜዳ መፈለግ፥ ቀጥሎ ታኮውን ማስገባት፥ ክሪኩን ከሁሉ በኋላ ማንሣት ይገባል።

ሁለተኛው ሕግ ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አለመሆኑ ነው። በዘይት ግፊት የሚሠራ ክሪክ አንድ ያረጀ ጎሚኒ ቢለቅበት በቅጽበት ይወርዳል። ሰው ከሥሩ ከመግባቱ በፊት ሻንሲው በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ መቀመጥ አለበት፤ የተደራረበ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ግን ከጭነት በታች ሊፈርስ ስለሚችል ይህን ቦታ አይተካም።

ሞተሩ ራሱ ሲነሣ ደግሞ የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ አስቀድሞ ይፈታል። ክሪኩ ከኮፓው ጋር በቀጥታ እንዳይገናኝ በመካከሉ ወፍራም ሳንቃ ይገባል፤ ቀጭን ቆርቆሮ ይጎብጣልና፥ ከአሉሚኒየም የተሠራም ይሰነጠቃልና። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን የክሪክ ማሳረፊያ አይደለም። የሱፖርቶው ዳዶ ከተፈታ በኋላ ሞተሩ በጣት ስፋት እየተነሣ፥ በየጊዜው ቬንቲሌተሩ ራዲያተሩን እንዳይነካ፥ የውሃ ቱቦዎችና የጭስ ማውጫው እንዳይወጠሩ ይታያል። በመጨረሻም ጠንካራ እንጨት በሱፖርቶው መቀመጫ ይሸጎጣል። ጣት ወደዚያ ክፍተት የሚገባበት ጊዜ የለም።

ዘመኑ መኪናዎችንም ለዋወጠ። የቮልስዋገን ሞተር ከኋላ በመሆኑ የሚወጣው ወደ ታች ነው። የአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ለብዙ ዓመታት ያገለገለችው ላዳ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት የተመረተችው በፊያት 124 መሠረት ስለ ሆነ፥ በጣልያን መኪና የሠለጠነ እጅ አልተቸገረባትም። የእነዚህ የፊያትና የላዳ ሞተሮች በቁመት የተቀመጡ በመሆናቸው፥ የሱፖርቶው ዳዶ ሲፈታ ሞተሩ በክብደቱ በቦታው ይቆያል። ዛሬ በከተማው የበዙት፥ በፊት ጎማ የሚነዱ መኪናዎች ግን ሞተራቸው በአግድም የተጋደመ ነው፤ ብዙዎቹም በጎን ሱፖርቶ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። በእነዚህ ላይ የቀድሞውን ልማድ የተከተለ ሰው ሱፖርቶውን እንደ ፈታ ሞተሩ ያዘነብልበታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ቀድሞ ተፈትቶ ይነሣ የነበረው፥ አሁን ተደግፎ ነው የሚፈታው።

ይህን ለውጥ የፋብሪካው መጽሐፍ ይናገራል፤ ነገር ግን የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። የጋራዡ እጅ ደግሞ የሚያውቀው ሱፖርቶን፥ ኮፓንና ታኮን ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የተከፈተውና በኋላ ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛነት የተለወጠው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፥ ከእርሱም ጋር ተግባረ እድ፥ ብዙ ባለሙያዎችን አፍርተዋል። ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤት ውጭ የሚማረው ወጣት፥ በግቢውም ብቻውን የሚሠራው ባለመኪና ከመጽሐፉ ተራርቀው ይኖራሉ።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። መማር የሚቻለው ግን ትምህርቱ ተማሪው በሚሰማው ቃል ሲጻፍ ነው። የሙያ ማኅበር አባላት የመኪናን መዋቅር የሚያውቁ፥ የጋራዡንም ቃላት የሚሰሙ ናቸውና፥ በሁለቱ መካከል ድልድይ ለመሆን ከእነርሱ የተሻለ የለም። በየጋራዡ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ፥ በክሪክና በታኮ ቋንቋ የተጻፈ፥ ከመኪና ሥር የተኛውን ሰው ከሞተር ክብደት ሊጠብቀው ይችላል።