በጅቡቲ በር የገባ ዜማ

የጅቡቲ ከተማ ስም በታሪካችን ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው የወደቡና የባቡሩ ነገር ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ብዙ ዕቃ በዚያ በር ገብቷል። ነገር ግን በ1916 ዓ. ም. መጨረሻ ከጅቡቲ በባቡር ተሳፍረው የመጡት አርባ ወጣቶች ከዕቃ የሚበልጥ ነገር ይዘው ነበር፤ ይኸውም የሙዚቃ ሙያ ነው። እነርሱ በአርመን ሕዝብ ላይ በደረሰው እልቂት ወላጆቻቸውን ያጡና በኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም የተጠለሉ ነበሩ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተዋቸው ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው።

የሙዚቃ መሪያቸው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንድያን ነበሩ። ሥራቸውም ድርብ ነበር፤ ጓዱን ያስተምራሉ፤ የበዓል ቀን ሲደርስም ያንኑ ጓድ በሕዝብ ፊት ይመራሉ። በ1923 ዓ. ም. በዘውዱ በዓል የተሰማው የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የእርሳቸው ድርሰት ነው።

በዚያው ዘመን ከሌላ በር የመጣ ሌላ መምህር በአዲስ አበባ ነበር። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1887 ዓ. ም. በጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወልደው፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ቅኔንና ዜማን የተማሩ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነው ሲሠሩ ግጥምና ዜማ ያለበት ትያትር እየደረሱ ተማሪዎቻቸውን ያሠለጥኑ ነበር። ያን ጊዜ የተዋንያን ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ የትምህርቱ ክፍል ራሱ የትያትር ጓድ ሆነ። የሴቶቹንም ክፍል ወንዶች ልጆች ይጫወቱ ነበር።

ይህ ሥራ ክብርን አስይዞ የሚሠራ ነበር። አዝማሪ በሠርግ ቤት ይፈለጋል እንጂ ልጄ እንደ እርሱ ይሁንልኝ የሚል ወላጅ ጥቂት ነበር። ስለዚህ የተከበረ የቅኔ ሰው የሰው ልጅ ወደ መድረክ አውጥቶ ሲያዘፍን ለሐሜት መጋለጡ አይቀርም። ሆኖም ነገሩ በሀገራችን ባዕድ አልነበረም። የአቋቋም መሪጌታ በአዘቦት ቀን ለደቀ መዛሙርቱ ያስተምራል፤ በበዓል ዋዜማም መቋሚያና ጸናጽል ይዞ በማኅሌቱ ይቆማል። ተማሪውም ከጎኑ ቆሞ፣ እጁንና እግሩን እያየ፣ በቃል ብቻ ሊነገር የማይችለውን ይማራል። ማስተማሩና ማገልገሉ አንድ ሥራ ነው።

በ1928 ዓ. ም. ጠላት አገሪቱን ወረረ። ዜማ በገባበት በጅቡቲ በር ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ወጡ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔም በሱዳን ተሰደዱ። መምህሩ ሲርቅ የቀረው በተማሪው ጆሮና አካል የተጻፈው ብቻ ነበር። በ1933 ዓ. ም. ነጻነት ሲመለስ እርሳቸውም ተመለሱ፤ «አፋጀሽኝ» የተባለው ትያትራቸውም ለሕዝብ ታየ። በ1939 ዓ. ም. ሲያርፉ ገና ብዙ ሊሠሩ የሚችሉበት ዕድሜ ላይ ነበሩ። ከኬቮርክም በኋላ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን በ1948 ዓ. ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ቤት ሙዚቃውን እየመሩ፣ በትምህርት ቤቶችም መዝሙር እያስተማሩ ያንኑ ድርብ ሥራ ቀጠሉ።

ዛሬም መምህሩ በመድረክ ሲታይ ሥራውን የተወ የሚመስላቸው አሉ። ድርብ ሥራ ጉልበት እንደሚጨርስ አይካድም፤ ልክ እንዲኖረውም ይገባል። ነገር ግን ዜማ ያለበትን ትያትር የሚያስተምር ሰው ራሱ ካልዘመረና ካልተጫወተ፣ ተማሪው ቃሉን እንጂ ሙያውን አይወርስም። መምህሩ በመድረክ የሚቆምባት ምሽት ከትምህርት የተሰረቀች አይደለችም፤ የነገው ትምህርት የሚዘጋጅባት ናት።