ስለ «ኪንግ ኮንግ» ሸክላ

የታሪክ ተማሪ ማስረጃ ሲፈልግ ወደ መዝገብ ቤት ይሄዳል እንጂ ሸክላ አያስጫውትም። በ1959 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በደቡብ አፍሪቃ የተቀዳውን የ«ኪንግ ኮንግ» ሸክላ ደጋግመን ከሰማን በኋላ ግን ይህ ልማድ ብዙ ነገር እንደሚያስቀርብን ተረድተናል።

«ኪንግ ኮንግ» በዜማ የሚቀርብ ቴአትር ነው። ስሙ የታወቀው የፊልም ዝንጀሮ ስም ይሁን እንጂ የሚተርከው ኤዝቅኤል ድላሚኒ ስለ ተባለ ቦክሰኛ ነው። ይህ ሰው ወዳጁን ገደለ፤ ከችሎት ቀርቦም ሞት እንዲፈረድበት ለመነ። የተፈረደበት ግን እስራት ነበር፤ በ1957 እስረኛ ሳለ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ዜማውን የደረሰው ቶድ ማትሺኪዛ ነው።

ቴአትሩ መጀመሪያ የታየው በጆሃንስበርግ፣ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ነው። ነጭና ጥቁር አብሮ ተቀምጦ ቴአትር የሚያይበት ስፍራ በከተማው እጅግ ጥቂት ነበረና። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ግን ጥቁር ተማሪ ያለ ሚኒስትር ፈቃድ እንዲህ ባለው ዩኒቨርሲቲ እንዳይመዘገብ ተከለከለ። ተማሪ የሆነ አንባቢ ይህን ልብ ይበል።

በሸክላው ላይ የሌሚ ማባሶ የቆርቆሮ ዋሽንት የመንገዱን ጨዋታ ያመጣዋል። የመጠጥ ቤቷን እመቤት ሆና የምትዘፍነው ሚሪያም ማኬባ ናት፤ ድምፅዋ ሲጀምር ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ይበልጥ ያቆመን ግን በኮሳ ቋንቋ ስለ ክፉ ዘመን የሚዘፈነው የኀዘን ዜማ ነው። ይህ ዜማ በ1956 በሀገር ክህደት የተከሰሱትን 156 ሰዎች የሚያነሣ ነው ይባላል። ቋንቋውን የማያውቀው ነጭ ተመልካች ኀዘኑን ብቻ ሰምቶ፣ አጨብጭቦ እንደ ሄደ እንገምታለን።

ቴአትሩ በ1961 ለንደን በታየ ጊዜ ሌላ ሸክላ ተቀዳ። አቀነባበሩ የተስተካከለ ነው፤ ለጆሯችን ግን የመንገዱ ጫጫታ ቀንሷል። ማኬባም የለችበትም፤ ስፍራዋን የያዘችው ፔጊ ፋንጎ ናት። ከተጓዦቹ አንዳንዶቹ በዚያው በስደት ቀሩ። ማትሺኪዛም በ1968 በሉሳካ ሞተ። ማኬባ በ1959 ከሀገሯ ከወጣች በኋላ ፓስፖርቷ ተሰርዞ ነበር። በ1963 የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ ዘፈነች፤ የተወለደችበትን ሀገር እንደ ገና ያየችው ግን በ1990 ነው።