በድረ ገጾቻችን ላይ የሚታዩ እንግዳ ምልክቶች፦ መለያቸውና ማስተካከያቸው



አንድ የደዕዋ ጽሑፍ ስንከፍት በአማርኛው ቦታ የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላት፣ በቁርኣን አንቀጹ ቦታ ደግሞ የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረው የምናገኝበት ጊዜ አለ። ደብረ ሲና ላይ ሆኖ በስልኩ የሚያነብ ወንድም ጥፋቱን በኔትወርኩ ላይ ይጥላል። ኔትወርክ ሲደክም ግን ገጹ ይዘገያል ወይም አይከፈትም እንጂ ፊደል አይለውጥም። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ያለው ገጹን በምናዘጋጀው በእኛ ዘንድ ነው። ከመጠገናችን በፊት ምልክቱን መለየት ይኖርብናል፤ የተሳሳተ ጥገና ሊመለስ ይችል የነበረውን ጽሑፍ ጨርሶ ያጠፋዋልና።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቁጥሮች ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። ዛሬ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በሦስት ባይት፣ መደበኛውን የዐረብኛ ፊደል በሁለት ባይት ያስቀምጣል። በዚህ መንገድ የተቀመጠውን ጽሑፍ ብራውዘሩ ወይም ዳታቤዙ ላቲን-1 በተባለው የቆየ አሠራር ካነበበው እያንዳንዱን ባይት አንድ ፊደል አድርጎ ይቆጥረዋል። አንዱ «ሀ» ሦስት ምልክት ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ምልክቶቹን እንዴት እንለያለን?

• በላዩ ጭረት ያለበት ትንሹ የላቲን «ኤ» በየሦስት ምልክቱ ከተደጋገመ የተበላሸው አማርኛው ነው። በሰያፍ መስመር የተቆረጠ «ኦ» እና ጭረት ያለበት «ዩ» ከበዙ ደግሞ ዐረብኛው ነው። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳሉ።

• ከ4608 እስከ 4991 ያሉ ቁጥሮች በፊደላት ቦታ ከታዩ አማርኛ፣ ከ1536 እስከ 1791 ያሉት ዐረብኛ ናቸው። ኮዱ ሁለት ጊዜ ስለተቀየረ ነው፤ ጽሑፉ አልጠፋም።

• ከገጹ አናት ላይ ብቻ ሦስት እንግዳ ምልክቶች ከታዩ ፋይሉ በመጀመሪያው ላይ የማይታይ መለያ (ቦም) ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው።

• ባዶ ሳጥኖች ከታዩ የጎደለው ፎንት ነው፤ ጽሑፉ ደህና ነው።

• ተራ የጥያቄ ምልክቶች ከታዩ ዳታቤዙን እንመልከት። እዚያም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ዋናው ጽሑፍ ጠፍቷል።

ማስተካከያው

1. ማንኛውንም ነገር ከመንካታችን በፊት የዳታቤዙንና የፋይሎቹን ቅጂ ሌላ ቦታ እናስቀምጥ።

2. ገጹ በራስጌው ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ማሳወቁን፣ ሰርቨሩም ይህንኑ መላኩን እናረጋግጥ።

3. ፋይሎቹን «ዩቲኤፍ-8 ያለ ቦም» በሚለው አማራጭ እናስቀምጥ።

4. በማይኤስኪውኤል ዳታቤዙም ግንኙነቱም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይሁን። የዩቲኤፍ-8 ባይቶች ላቲን-1 በተባለ ዓምድ ውስጥ ከተቀመጡ ዓምዱን በቀጥታ መቀየር ስህተቱን ይደርበዋል። መጀመሪያ ወደ ባይነሪ፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 እንቀይረው።

5. ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተተየቡ የድሮ ጽሑፎች በዚህ አይስተካከሉም። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ስለነበር በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መዞር አለባቸው።

ስለ ቁርኣንና ሐዲስ ጥንቃቄ

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ቢበላሽ ጸሐፊው መልሶ ይጽፈዋል። የአላህን ቃል ግን በግምትም ሆነ በትዝታ መሙላት አይገባም፤ አንዲት ሐረካ ብትለወጥ ትርጉም ልትለውጥ ትችላለች። የተበላሸ አንቀጽ ስናገኝ መጀመሪያ ከገጹ ላይ እናንሳው፤ ከዚያ እንደ ታንዚል ካለ በዩኒኮድ ተዘጋጅቶ ከተመረመረ ምንጭ እንውሰደው፤ ከለጠፍን በኋላም ሙስሐፍ ይዘን ቃል በቃል እናመሳክረው፤ ሐፊዝ ቢያየው ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው። ለሐዲስም ወደ ኪታቡ እንመለስ።

በመጨረሻም ገጹን በራሳችን ኮምፒውተር ብቻ አይተን አንርካ፤ በሌላ ሰው ስልክም እንክፈተው። ለሰው የምናደርሰው ዲን አማና ነው፤ ፊደሉም የአማናው አካል ነው። አላህ ሥራችንን ያሳምርልን።

ወላሁ አዕለም።